ማይልስ ለቅሶ አያደርስም

ሰሞኑን ዩቲዩብም ቲክቶክም ላይ በአማርኛ አንድ ወሬ በዝቷል። «ይህን ክሬዲት ካርድ አውጡ፣ ፖይንት ሰብስቡ፣ በነጻ አገር ቤት ግቡ» የሚል ነው። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሆኖ ነው የሚያወራው። አድማጩ ግን እዚህም አለ። ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣ «ወንድሜ ለምን በፖይንት አይመጣም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኛል።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ከወሎ ሄዶ አሜሪካ ለሚኖር ለአብዛኛው ሰው የጉዞ ካርድ አይበጀውም። ካሽ ባክ የሚሰጠው ተራ ካርድ ይሻለዋል። የእኛ ሰው አገር ቤት የሚመጣበት ምክንያትና ገንዘቡን የሚያወጣበት መንገድ ከጉዞ ካርዱ ጋር አይገጥምም።

ለማያውቀው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ክሬዲት ካርድ ናቸው። በባንኩ ገንዘብ ትገዛላችሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ትከፍላላችሁ። ካሽ ባክ የሚባለው ካወጣችሁት ላይ መቶኛ አስልቶ ገንዘብ ይመልሳል። ያለ ዓመታዊ ክፍያ በሁሉም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልሱ ካርዶች አሜሪካ ውስጥ አሉ። የጉዞ ካርዱ ደግሞ በገንዘብ ፋንታ ፖይንት ወይም ማይልስ ይሰጣል። እሱን ለአውሮፕላን ቲኬት ወይም ለሆቴል ትመነዝሩታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ዓመታዊ ክፍያ አለው። 95 ዶላር የተለመደ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲጣሉ «ቋ» የሚሉት የብረት ካርዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ዋጋቸው ተሰቅሏል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ከ695 ወደ 895፣ የቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ ከ550 ወደ 795 ዶላር ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእኛ ሰው መቼ ነው የሚመጣው? ወይ ለበዓል ነው፣ ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለለቅሶ።

በዓሉን እንየው። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ናት፣ ቀኗን ለማንም አትቀይርም። የላሊበላ ገናም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። መውሊድን ጀማ ንጉሥ ላይ ማሳለፍ የፈለገ ሰውም ቀኑን የምትወስንለት ጨረቃ ናት። በፖይንት የሚገኘው ርካሽ ወንበር ደግሞ አየር መንገዱ በገንዘብ አልሸጠውም ብሎ የሚገምተው ወንበር ነው። በገና ሰሞን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በሚበር አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ወንበር ከየት ይመጣል? ሰው በሙሉ ዋጋ እየተሻማበት! ቢገኝም የሚጠየቀው ፖይንት ያስደነግጣል።

ለቅሶው ይብሳል። መርዶ ባሕር ማዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሐይቅ ወይም ወረኢሉ ያለ ቤተሰብ በቀጥታ ለልጁ አይደውልም። ለጓደኞቹ ይደውላል። እነሱ ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። ገና በር ላይ ሲያያቸው ይገባዋል። ከዚያ ግማሹ ሰው ሳሎን ውስጥ ያለቅሳል፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልክ ቲኬት ይፈልጋል። ቀብር መድረስ አይታሰብም። ለሣልስቱ ወይም ለሰደቃው ለመድረስ ግን ዛሬ ማታ፣ ቢዘገይ ነገ መብረር አለበት። በዚያች ሰዓት ፖይንት ከባንክ ወደ አየር መንገድ የሚያዛውር፣ ወንበር አለ የለም እያለ ገጽ የሚያገላብጥ ማን ነው? አልፎ አልፎ የመጨረሻ ሰዓት ወንበር ይገኛል፣ አልክድም። ግን ለቅሶ በ«አልፎ አልፎ» አይታመንም። ደግሞ የእኛ ሰው በዚህ ጊዜ ደንቡ ምንድን ነው? ያዋጣል። ሃምሳ ዶላር፣ መቶ ዶላር፣ ዜል በሚባለው የባንክ መላኪያ ወይም በእጅ። «ይኸው የእኔ አምስት ሺህ ፖይንት» ብሎ ያዋጣ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ሒሳቡንም እንሥራው። አንድ ሰው በካርድ በወር 1,500 ዶላር ያወጣል እንበል። በዓመት 18,000 ነው። በ2 በመቶ ካሽ ባክ 360 ዶላር ይመለስለታል። አለቀ። በ95 ዶላሩ የጉዞ ካርድ ደግሞ ለሬስቶራንት 3፣ ለጉዞ 2፣ ለሌላው ሁሉ 1 ፖይንት ይሰጠዋል እንበል። ሬስቶራንት 3,000፣ ጉዞ 2,000፣ የቀረው 13,000 ዶላር ቢሆን 26,000 ፖይንት ያገኛል። አንዷን ፖይንት በአንድ ሳንቲም ቢመነዝራት 260 ዶላር ናት። ዓመታዊውን ክፍያ ቀንሱለት፣ 165 ዶላር ይቀረዋል። ከካሽ ባኩ ጋር እኩል ለመሆን አንዷ ፖይንት 1.75 ሳንቲም ማውጣት አለባት። ይህን የሚያወጡላት ሰዎች አሉ። የዓመት እረፍታቸውን እንደፈለጉ የሚያዛውሩ፣ ማታ ማታ ወንበር ማደን የሚያዝናናቸው ሰዎች ናቸው። ኡበር ሲነዳ አድሮ ንጋት ላይ የሚተኛ አባወራ ይህን ይሠራል ብላችሁ ነው?

ደግሞ 1,500 ዶላር በካርድ የሚያወጣውም ስንቱ ነው። የቤት ኪራይ ብዙ ቦታ በቼክ ወይም ከባንክ አካውንት ነው የሚከፈለው። እቁቡ በእጅ ነው። እድሩም እንደዚያው። እናት ጋ የሚላከውም በካርድ ቢላክ ጣጣ አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጠለፈው እዚህ ነውና። የጉዞ ካርዶች አዲስ ደንበኛ የሚያማልሉት በመግቢያ ስጦታ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ካወጣችሁ ይህን ያህል አሥር ሺህ ፖይንት ይላሉ። ሰውዬው ወጪው አልሞላ ሲለው አንድ ብልሃት ይመጣለታል፤ በገንዘብ መላኪያው አፕ ላይ ካርዱን አስገብቶ ለቤተሰብ መላክ። ብዙ ባንኮች ግን ይህን እንደ ግዢ አይቆጥሩትም። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ ነው የሚይዙት። ክፍያ ይቆርጣሉ፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። ፖይንት የሚባል ነገር ደግሞ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዕዳውን ወር በወር ለማይዘጋ ሰው ካሽ ባክም ሆነ ማይልስ ትርጉም የላቸውም።

ሌላው ውስብስቡ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ባንኮች ግን ፖይንታቸውን በቀጥታ ወደ ሼባ ማይልስ አያዛውሩም። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አላያንስ የሚባለውን ኅብረት ስለተቀላቀለ መንገዱ በአባል አየር መንገዶች በኩል ይዞራል። ፖይንታችሁን ለምሳሌ ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ ትልካላችሁ፣ እዚያ ገብታችሁ የኢትዮጵያን ወንበር ትፈልጋላችሁ። ፖይንቱ አንዴ ከተዛወረ አይመለስም። እየተዛወረ ሳለ ወንበሩን ሌላ ሰው ቢወስደው የማትፈልጉት አየር መንገድ ማይልስ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

በዚያ ላይ የፖይንት ዋጋ በእነሱ እጅ ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶቹ ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 «ለዚህ መስመር ይህን ያህል ማይልስ» የሚለውን ሰንጠረዥ አነሱት። አሁን ዋጋው እንደ ገበያው ይወጣል፣ ይወርዳል። መውጣቱ ይበዛል። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር አሜሪካን ኤርላይንስን፣ ዴልታን፣ ሳውዝዌስትንና ዩናይትድን ስለ ማይልስ አሠራራቸው ማብራሪያ ጠይቋቸዋል። አየር መንገዶቹ ለምን ይህን ያህል እንደሚወዱት ደግሞ ግልጽ ነው። ማይልስ ለባንክ ይሸጣል። ዴልታ በ2023 ብቻ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል። «በነጻ» የሚባለውን ጉዞ አንድ ሰው ይከፍለዋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓመታዊ ክፍያውን እየከፈለ ፖይንቱን ያልተጠቀመበት ሰው ነው።

ለወሎ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ የሚበር ሰው ዓለም አቀፉን ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ የማግኘት የቆየ ልማድ አለ። በፖይንት ኢስታንቡል ዞሮ በሌላ አየር መንገድ የመጣ ሰው ይህን አያገኝም። ያተረፈውን እዚያው ቦሌ ይመልሳል። በካርዱ ማስታወቂያ ላይ ይህ አይጻፍም፣ የሚጽፈው ሰው ኮምቦልቻን አያውቃትማ።

ከደረሱ በኋላስ? የአክስቴ ልጅ ሲመጣ ያንን የብረት ካርድ ይዞ ነበር። የካርዱ አንዱ ጥቅም ውጭ አገር ሲገዙበት 3 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ተጨማሪ ክፍያ አለማስከፈሉ ነው። ሌላው ሬስቶራንት ላይ ብዙ ፖይንት መስጠቱ። ምሳ ጋበዘን። ሒሳቡ ሲመጣ ካርዱን አወጣ። አስተናጋጇ አገላብጣ አየችውና «የየትኛው ሆቴል ቁልፍ ነው?» አለችው። ሳቅን። ሒሳቡን እኔ በቴሌብር ከፈልኩት፣ እሱ ደግሞ እስከ ማታ ሲናደድ ዋለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ያመጣው ሹፌርም፣ የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ጋቢ የሸጡለት እናትም የሚፈልጉት ጥሬ ብር ነበር። ቪዛ የሚቀበል ኤቲኤም አለ። ግን በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት ያው ቅድም ያልኩት ጣጣ ነው። ለዚያ ዴቢት ካርድ ይበቃል።

አሁን ያቺን 360 ዶላር እንያት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በመቶ ብር ብንመታት እንኳ 36,000 ብር ናት። ኑሮውም አብሮ ተሰቅሏል፣ እሱን ማን ይስተዋል። ቢሆንም 36,000 ብር ለአንድ የደሴ ወይም የመርሳ ቤተሰብ የመድኃኒት ነው፣ የትምህርት ቤት ነው፣ የጣራ ቆርቆሮ ነው። ልጁ ዘንድሮ መምጣት ባይችል ገንዘቡ ይመጣል። ሃያ ስድስት ሺህ ፖይንት ግን ኩታበር ላለች እናት አይላክም። ሳዑዲና ዱባይ ያሉት እህቶቻችንማ ይህ ሁሉ የካርድ ጨዋታ አይነካቸውም፤ የላብ ገንዘባቸውን እንዳለ ነው የሚልኩት።

የጉዞ ካርድ የሚጠቅመው ሰው የለም አላልኩም። ደህና ደመወዝ ያለው፣ ልጅ ያልወለደ፣ ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ፣ በየካቲትም በግንቦትም መምጣት የሚችል ወጣት ከመግቢያ ስጦታው ብቻ ጥሩ ነገር ሊያገኝ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱም ክፉ አይደለም። «ሻንጣ በነጻ» የሚለው ግን አይሸውዳችሁ። የአሜሪካ አየር መንገዶች ካርድ ይህን የሚሰጠው በራሳቸው በረራ ነው። ወደ አዲስ አበባ በመደበኛ የኢኮኖሚ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ 23፣ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ድሮም ይፈቀዳል። የውዶቹ ካርዶች «ክፍያችንን በጥቅማ ጥቅም እንመልሳለን» ማለታቸውም እንደዚሁ ነው። ለምግብ ማድረሻ አፕ ይህን ያህል፣ ለተወሰነ ሆቴል ይህን ያህል እያሉ ኩፖን ይቆራርጣሉ። ቤት እንጀራና ሽሮ እያለ ኩፖኑ እንዳይቃጠል ብሎ በርገር የሚያዝ ሰው አለ።

ካርዱን ቀድሞ ያወጣ ሰው ደግሞ ደንግጦ አይዝጋው። ባንኩ ጋ ደውሎ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይሩለት ይጠይቅ። ብዙዎቹ ይቀይራሉ፣ የቆየው አካውንት ስለማይዘጋም የብድር ታሪኩ አይነካም። የሚደወለው የዓመቱ ክፍያ ከመቆረጡ በፊት ነው። መዝጋት ግድ ከሆነ ባንኩ ዘንድ ያለውን ፖይንት አስቀድሞ መጠቀም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ከካርዱ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ወደ አየር መንገድ የተዛወረው ማይልስ ግን ካርዱ ቢዘጋም እዚያው አየር መንገዱ ጋ ይቆያል።