ከጎመን እስከ ጎመን 400.00

የእህቴ ባል የጓሮውን ፕላን በቴሌግራም ላከልኝ። ጓሮው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ፕላኑ ሰባት ገጽ ነው።

መጀመሪያ የላከው ፋይል ስልኬ ላይ አልከፈት አለ። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጎ ላከው። ተከፈተ። በቀኝ በኩል ከታች ጥጉ ላይ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ፕላን፣ ሠንጠረዥ አለ። ፕሮጀክት፦ ጓሮ። ሥዕሉን የሠራው፦ እሱ። ያረመው፦ እኔ። ያጸደቀው፦ ባዶ። ይቺኛዋ ለእህቴ የተተወች ይመስለኛል። እኔ ግን ያረምኩት ነገር የለም። ስለ ጎመን የማውቀው እንጀራ ላይ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው።

ወዲያው መልእክት ተከተለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ኮመንትህን ካልሰጠኸኝ ሥራው ይቆማል።» የቱ ሥራ? እኔ እንዳየሁት ጓሮው ውስጥ ያለው አንድ የተገለበጠ ባልዲ ነው። እሱም ከቆመ ቆይቷል።

ደስ ባይለኝም አገላበጥኩት። አንደኛው ገጽ «ነባር ሁኔታ» ይላል፤ ባዶ አራት ማዕዘን ነው፣ ባልዲው እንኳን አልገባም። ሁለተኛው የመደቦቹ አቀማመጥ ነው። ሦስተኛው ላይ ተክሎቹ እያንዳንዳቸው በየሌየራቸው፣ ማለትም በየራሳቸው የሥዕል ንጣፍ ላይ፣ ተቀምጠዋል፤ ጎመን አረንጓዴ፣ ቃሪያ ቀይ፣ ጤና አዳም ቢጫ። አራተኛው «ሴክሽን ኤ-ኤ» ነው፤ ጓሮው በጎን ተቆርጦ ሲታይ። ጎመኑ በሰልፍ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ፈረንጅ ውሻዋን እየሳበች ታልፋለች። ማናት ብለው «የሰው ቁመት ለማሳየት ነው፣ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣች ናት» አለኝ። ሦስት በአራት ጓሮ ውስጥ ውሻ ይዛ የት እንደምትሄድ አልነገረኝም።

አምስተኛው የፀሐይና የጥላ ጥናት፣ ስድስተኛው የጠብታ መስኖ። ሰባተኛው «አዝ ቢልት» ይላል። ሳይት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ መሬት ላይ በትክክል የተሠራውን የሚያሳይ ሥዕል ነው። እዚህ ቤት አንድ ዶማ ሳያርፍ አዝ ቢልቱ አልቋል። ክፍያ ለመጠየቅ ሳይመች አይቀርም።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ልኩ ነው። ከጎመን እስከ ጎመን 400.00 ሚሊ ሜትር። ከነጥቡ በኋላ ሁለት ዜሮ። ጎመኑ በሚሊ ሜትር መቶኛ ተለክቷል ማለት ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ። በእርግጥ አውቶካድ፣ ፕላኑ የተሣለበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ስምንት ቤት ድረስ ይፈቅዳል። ሁለት ላይ መቆሙን እንደ ትሕትና ቆጥሬለታለሁ። ፕሮግራሙን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም፤ ዘመድ የሚዘልቀው እንዲህ ነው።

ጎመን ከተነሳ አይቀር፣ ከአገራችን ተረቶች ሁሉ እኔ የምወዳት «ጎመን በጤና»ን ነው። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ጎመን በጤና። የሥጋ ዋጋ ሲሰማ፣ ጎመን በጤና። ሥልጣን የቀረበት ሰው ቤቱ ሲገባ፣ ጎመን በጤና። አንድ የማይገባኝ ነገር ቢኖር ተረቷን አዘውትሮ የሚናገራት ሥጋ በልቶ የጨረሰ ሰው መሆኑ ነው። ልኳንዳ ቤት ተቀምጦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ኧረ ተወው፣ ጎመን በጤና!» ይላል። ጎመን የሚበላውማ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። በሁዳዴ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጉልት ስር የቆመ ሰው ደግሞ ተረቷን አንስቶ አያውቅም፤ እስሩ እየቀጠነ ዋጋው ሲወፍር እያየ ምን ይበል? ለማንኛውም የተረቷ ውበት ጎመን ያለ ብዙ ጣጣ የምትገኝ መሆኗ ነበር። አሁን ሌየርና ሴክሽን ካስፈለጋት ሌላ መጽናኛ እንፈልግ።

ሰውየው ሥራው መሐንዲስ ነው። ቤት ያሠራል። እኔም የምናደደው እዚህ ላይ ነው።

የምኖርበት ቤት የተሠራው ማኅተም ባለው ፕላን ነው። እሱ አይደለም ያሠራው፤ ግን ያው ሙያው ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፍሎር ድሬን፣ የወለል ውሃ መውረጃ፣ አለ። ውሃው እዚያ አይገባም። ገላዬን በታጠብኩ ቁጥር ፍሎር ድሬኑን ከሩቅ ሰላም ብሎት ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። በሩ ስር አሮጌ ፎጣ የምንጎዘጉዘው ለጌጥ አይደለም። ሴራሚኩን ያነጠፈው ልጅ ውሃ ልክ ነበረው፤ ሊያውም አዲስ። ወለሉ ላይ አጋድሞ አሳየኝ። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላለች። «አየህ ጋሼ፣ ለጥ ያለ ነው» አለኝ በኩራት። ችግሩም እሱ ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል ለጥ አይልም! ለአንድ ሜትር አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ዘንበል ካለ ይበቃዋል። ፕላኑ ላይ ቀስት ተስሎ ተጽፏል። ቀስት ግን ሴራሚክ አያነጥፍም። ተቆጣጣሪውን ጠርቼ ባሳየው ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄማ ይደርቃል» አለኝ።

ይደርቃል!

የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ነው። ገብተህ፣ በሩን ዘግተህ፣ በጨለማ ግድግዳውን ዳብሰህ ነው የምታበራው። ይህንንም አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስሎታል። ሌላው አርሞታል፣ ሌላው አጽድቆታል። የሰው ዕድሜ ልክ ጥሪት የሚፈስበት ቤት «በግምት»፣ ጎመን 400.00። ይኼ ያናድዳል። ቀልድ አይደለም፣ ያናድዳል።

ይህንኑ ደውዬ ነገርኩት። ለወንድምነቱ ብዬ ለዘብ አድርጌ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ላሊበላን ያለ ፕላን የሠሩት ይመስልሃል?»

በዚህ አገር ላሊበላ ሳይጠራ የሚያልቅ ክርክር የለም። ስለ ታክሲ ሰልፍ ተከራከር፣ ላሊበላ። ስለ ጎመን ተከራከር፣ ላሊበላ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የእኛን ስንፍና ተሸክመው እስካሁን መቆማቸው ራሱ ተአምር ነው። ካነሳው አይቀር ግን እኔም ላንሳው። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዓለት፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። እዚያ የጠራቢው መዶሻ ከሳተ ሳተ ነው። የተቆረጠ ድንጋይ አይቀጠልም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ቢባል ለእነሱ ያምራል። ጎመን ግን በቀነጠስከው ቁጥር ያቆጠቁጣል። ቦታው ካላማረህ ነቅለህ እዚያ ማዶ ትተክለዋለህ። ቅር አይለውም። በዚህ ዓለም ላይ ስህተትን እንደ ጎመን የሚችል ፍጥረት ብዙ የለም፤ እሱ ደግሞ የመረጠው እሷን ነው በሚሊ ሜትር ሊለካ።

ለእኔ የሚመስለኝ ነገሩ የምላጭ ጉዳይ ነው። አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ብቅ ከማለቱ በፊት ንድፍ የሚሠራ ሰው በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ነበር የሚሥለው። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። ቀስ ተብሎ፣ ትንፋሽ ተይዞ። አንዱ ቦታ ሲደጋገም ወረቀቱ ይሳሳና ይበሳል፤ ከተበሳ ሥራው እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ሰውየው አስቦ ይሥላል፣ ሥሎም ይጨርሳል። ዛሬ ስህተቱን በአንድ ጊዜ የሚመልስ ኮንትሮል ዜድ አለ። ወረቀት አይበሳም። መጨረስም ቀረ። የላከልኝ ፋይል ስም «ጓሮ ፋይናል ሦስት የመጨረሻ» ነው።

የጥላ ጥናቱ ለብቻው ይወራለታል። ጓሮው በሰሜን በኩል የጎረቤት ጂ ፕላስ ፎር ተገትሮበታል። ሥዕሉ ላይ ግን የሕንጻው ጥላ ዓመቱን ሙሉ በቀትር አንድም ቀን ጓሮው ላይ አያርፍም። ነገሩ ሲጣራ ለካ ፕሮግራሙ ቦታው የት እንደሆነ አልተነገረውም። ካልነገሩት የራሱን አገር ፀሐይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጎመናችን አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሟል። እዚያ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ሰኔ ላይ የዚያ ሕንጻ ጥላ ጓሮውን ይጠቀልለዋል። ለነገሩ በክረምት ፀሐይ ራሷ መች አለችና።

አቮካዶም አለ። ጥጉ ላይ፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ያማረች ክብ። አቮካዶ አድጎ ቅርንጫፉን ሲዘረጋ ጓሮውን አልፎ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ እንደሚደርስ ያየ ሁሉ ያውቃል። ሥዕል ግን አያድግም። ጉራጌ አገር እንሰት ሲተከል ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ችግኙ መጀመሪያ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ሲያድግ ይነሳና ሰፋ ተደርጎ ይተከላል፤ እንደገናም ይነሳል። ልኩ ከተክሉ ጋር ያድጋል። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ። «ፌዝ ዋን፣ ፌዝ ቱ ማለትህ ነው?» አለኝ። ተውኩት።

አንድ ቀን እህቴ ትዕግሥቷ አልቆ በዶማ ብትሞክረው መሬቱ ጮኸባት። ከላይ አንድ ስንዝር አፈር አለ። ከሥሩ ሰሌክት ማቴሪያል የሚሉት ሙሌት፣ የብሎኬት ስባሪ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ክንድ የሚያህል ፌሮ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የተረፋቸውን እዚያው ቀብረውት ሄደዋል። ደውላ ነገረችኝ፤ «አሁን እንኳን ይነቃል» አልኳት። በማግስቱ ፕላኑ ላይ የፌሮ ሌየር ተጨመረ። ግራጫ ነው።

ኮመንት ነበር የተጠየቅኩት፤ ወሬ ወሰደኝ። ኮመንቴን ጻፍኩለት፤ አንዲት ጥያቄ ናት። ስድስተኛው ገጽ ላይ የመስኖው ሰማያዊ መስመር ከመደብ ወደ መደብ ሲዞር ያምራል። ግን ከየት ነው የሚነሳው? ጓሮው ቧንቧ የለውም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ሌሊት ተነስቶ ሮቶውን ያልሞላ ሰው ለቡናም አይበቃውም። ቤቶቻችንን የሚለያቸው ሁለት አጥር ስለሆነ አንድ ሐሳብም ጨመርኩለት። የተትረፈረፈ ውሃ ያለው እኔ መኝታ ቤት ነው፤ ያለ ፓምፕ በራሱ የሚሄድ። ከፈለግክ መስመሩን ከአልጋዬ ስር ቀጥለው አልኩት።

መልሱ አልዘገየም።

«ጋሼ፣ አሪፍ ሐሳብ ነው። ከአልጋህ እስከ እኛ አጥር ስንት ሜትር ነው? በግምት እንዳትነግረኝ።»