አድርባዩ «ኳይት»

እንግሊዝኛ ውስጥ እንደ «ኳይት» (quite) ያለ አድርባይ ቃል ያለ አይመስለኝም። የራሱ አቋም የለውም። አጠገቡ የቆመውን አይቶ ነው ትርጉሙን የሚወስነው።

«ታየርድ» አጠገብ ሲቆም፣ በተለይ በእንግሊዞች አፍ፣ «ደከም ብሎኛል» ነው። «ኤግዞስትድ» አጠገብ አስጠጉት፤ ወዲያው ይገለበጥና «ዝልፍልፍ ብያለሁ» ይላል። ምክንያት አለው። ድካም ትንሽም ብዙም አለ። ደረጃ በሌለው ነገር ላይ ግን መሀል ሰፋሪነት አይሠራም። «ኳይት ዴድ» የተባለ ሰው ጨርሶ ሞቷል። «በመጠኑ ሞቷል» ብላችሁ ተርጉማችሁ ለቅሶ እንዳትዘገዩ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ባሕር ሲሻገርም ጠባዩ ይለወጣል። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወዶታል። እንግሊዛዊ ያንኑ ሲል «ምንም አይልም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። እስቲ አስቡት። አሜሪካዊ ሠራተኛ ሪፖርት ልኮ ከእንግሊዛዊ አለቃው «ኳይት ጉድ» የሚል መልስ መጣለት። በደስታ ለሚስቱ ደወለ። የደመወዝ ጭማሪው ሁሉ ታየው። አለቃ ሆዬ ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ «ቅስሙን ሳልሰብር ነገርኩት፤ መቼም ገብቶት እንደገና ይጽፈዋል» እያለ ነው። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እስከ ሰኞ።

ፊት ለፊት ቢሆኑ ድምፁ ያሳብቅበት ነበር። እንግሊዛዊው «ኳይት»ን ረገጥ ካደረጋት፣ ከኋላ «ግን» እየመጣች ነው። «ጉድ»ን ከረገጣት እፎይ በሉ። ጽሑፍ ላይ ግን ማን ይርገጥላችሁ?

እኔን የምትገርመኝ «ኳይት ኤ ፊው» ናት። «ፊው» ጥቂት ነው። «ኳይት ኤ ሎት» ብዙ ነው፤ እሺ ይሁን። «ኳይት ኤ ፊው»ም ብዙ ነው! «ኳይት ኤ ፊው ጠጥቻለሁ» ላለ ሰው የመኪና ቁልፍ እንዳትሰጡ።

ዘሩ ሲቆጠር ግን ጨዋ ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መጀመሪያ «ሙሉ በሙሉ» ብቻ ነበር የሚለው፤ «በመጠኑ»ን የለመደው ኋላ ነው። ፀጥታ ማለት የሆነው «ኳየት»ም (quiet) የሥጋ ዘመዱ ነው። አምስቱም ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ቦታ ይቀያየራሉ። በዚህ ጦስ ስንት በር ላይ «እባካችሁ ፀጥ በሉ» ሊባል ታስቦ «እባካችሁ በመጠኑ ሁኑ» ተለጥፏል። በመጠኑ ምን እንሁን? አይናገርም።

ብቻውን ሲቀርስ? የሚያየው ጎረቤት ሲያጣ ምን ይላል? እንግሊዞች ሰው ሲያወራ ሰምተው አንዳንዴ «ኳይት» ብቻ ብለው ይመልሳሉ። «ልክ ነህ» ማለት ነው። ጎረቤት ቢያጣ ከተናጋሪው ጋር ተስማማ።