የድሃው ስም ይለጠፋል፤ ውሉስ?

የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ሲመረጥ ቀበሌ ምን እንደሚመስል የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው ይሰበሰባል። ጣት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። «እሷማ ልጇ ዐረብ አገር ናት፤ ትልክላታለች።» «እሱስ የሚያከራየው ቤት አለው አይደል እንዴ?» አቤቱታ ይገባል። ኮሚቴ ይቀመጣል። አንዱ ስም ይሰረዛል፣ ሌላው ይገባል። መሀል ላይ በቂም የሚሰረዝም አይጠፋም፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ዝርዝሩ መለጠፉ ክፋት የለውም። የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ሕዝብ ይየው። እኔን የሚከነክነኝ እዚያው ግድግዳ ላይ የማላየው ወረቀት ነው። ወጣቱን አሠልጥኜ፣ አለማምጄ፣ ሥራ አስይዛለሁ ብሎ የተዋዋለው ድርጅት ማን ነው? በአንድ ሰው ስንት ይከፈለዋል? የወሰዳቸው ልጆች ከስድስት ወር በኋላ የት ደረሱ? ይህ አይለጠፍም። የድሃዋ ጓዳ ሳይቀር ይፈተሻል። ባለ ውሉ ዘንድ ሲደረስ ሁሉም ዝም።

ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ የተሞከረው በ11 ከተሞች ነበር፤ ከአማራ ክልል ደሴ ነበረች የገባችው። ሁለተኛውን ምዕራፍ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያጸድቅ 400 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። ከተሞቹም 83 ሆኑ፤ ጎንደርም ገባች። ጠዋት ጠዋት መንገድ የሚጠርጉትን፣ ችግኝ የሚተክሉትን እናቶች ሁላችንም እናያቸዋለን። ከሚከፈላቸው ላይ 20 በመቶው ይቆጠባል። በሁለተኛው ምዕራፍ ሌላም ነገር ተጨመረ። ሥራ አጥ ወጣቶችን የግል ድርጅት ውስጥ አስገብቶ ለወራት ማለማመድ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ልምድ የሌለውን ልጅ ማን ይቀጥረዋል? ግን ልጁ የድርጅቱን በር አልፎ ከገባ በኋላ ማን ያየዋል? አንዱ ጋራዥ በእውነት ሞተር ያስፈታዋል፣ ያስገጥመዋል። ሌላው መኪና ሲያሳጥበው ይከርምና ጊዜው ሲሞላ ቀጣዩን ልጅ ይቀበላል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም «ልምምዱን ያጠናቀቀ» ተብለው ይጻፋሉ።

እንግሊዞች ይህን መንገድ ቀድመው ሄደውበታል። የእነሱን ታሪክ የማነሳው እንደ እነሱ እንሁን ለማለት አይደለም። ሀብታም አገር፣ ጠንካራ ፓርላማ፣ የተደራጀ ኦዲት እያለም ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ ስለሚያሳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2011 የጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን መንግሥት «ወርክ ፕሮግራም» የተባለውን ጀመረ። ድጎማ የሚቀበለውን ሥራ አጥ ሥራ የማስያዙ ኃላፊነት ለ18 ዋና ተቋራጮች በ40 ውሎች ተከፋፈለ። አብዛኞቹ የግል ኩባንያዎች ነበሩ። ክፍያው በውጤት ነው ተባለ። ሰውየው ሥራ ይዞ ሲቆይ ዋናው ብር ይመጣል። ለአንዳንዱ ሰው እስከ 3 ሺህ 800 ፓውንድ ገደማ፣ ሥራ ማግኘት በጣም ለሚከብደው ደግሞ እስከ 13 ሺህ 700 ፓውንድ ገደማ። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

በፌብሩዋሪ 2013 የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ ጉዱን አወጣው። በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት ከተላኩት ሰዎች ውስጥ ከድጎማ ወጥተው የሚዘልቅ ሥራ የያዙት 3.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት የጠበቀው 11.9 በመቶ ነበር። ቀድሞ በሕመም ምክንያት ሲደጎሙ ከነበሩት 9 ሺህ 500 ሰዎች መካከል ደግሞ ሦስት ወር የዘለቀ ሥራ ያገኙት 20 ናቸው። ሃያ ሺህ አይደለም፤ ሃያ ሰው።

ምን ሆኖ ነው? ለከባዱ ሰው ብዙ ብር ተመድቦ የለም እንዴ? ተመድቧል። ግን ነጋዴ ሒሳብ ያውቃል። ማንም ባይረዳው እንኳ ሥራ የሚያገኘውን ጎበዝ ልጅ ይዞ መሮጥ ያዋጣል። የታመመው፣ ዕድሜው የገፋው፣ ማንበብ የሚያስቸግረው ጥግ ይዞ ይቀራል። ለሐቁ ሲባል፣ ውጤቱ በኋላ ተሻሽሏል። በ2014 የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ከቀደሙት ፕሮግራሞች ጋር ተቀራራቢ ሆኗል ብሏል። ያን ሁሉ ግርግር አልፎ ቀድሞ ወደነበረበት መመለስ ማለት ነው። ከባዱ ሰው ግን ያኔም ከተጠበቀው በታች ነበር።

ከእነዚያ ተቋራጮች አንዱ «ኤ ፎር ኢ» ይባላል። አገር ውስጥ የሚኖረው በመንግሥት ውል ነበር። መሥራቿ በአንድ ዓመት ብቻ 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ወስዳለች የሚለው ሲሰማ አገር ተንጫጫ፤ በ2012 መጀመሪያ ከሊቀ መንበርነቷ ለቀቀች። እሷ በወንጀል አልተከሰሰችም። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች ግን ተከሰሱ። ለብቻቸው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን ለመርዳት በተዘጋጀ ሌላ ፕሮግራም ሐሰተኛ ፎርምና ፊርማ እያዘጋጁ የማይገባ ክፍያ ሲጠይቁ ነበር። በ2015 ስድስቱ እስር ቤት ገቡ።

እነሱ እንዲህ ሲሆኑ በሥራ አጡ ላይ ምን ይደርስ ነበር? ቀጠሮ ከቀረ ድጎማው ለሳምንታት ይቆረጣል። ከባድ የተባለ ጥፋት ከደጋገመ ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርስ ነበር። ያው የእኛው ግድግዳ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ከታች ያለው በየሳምንቱ ይጠየቃል፣ ከላይ ያለው ሲነቃበት።

እንዲነቃበት ያደረገው ማን እንደሆነም ልብ እንበል። ኮሚቴው በአደባባይ ኃላፊዎቹን እያቀረበ ጠየቀ። ጋዜጠኞች ቆፈሩ። ሥራ አጦቹ ራሳቸው የደረሰባቸውን ተናገሩ። አንዳንዱ ደግሞ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ማመልከቻ ጻፈ። ሥራ አጦች በግዴታ ያለ ደመወዝ የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ዝርዝር ይውጣ የሚል ጥያቄ በ2012 ቀርቦ የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ እምቢ አለ። ስማቸው ከወጣ ድርጅቶቹ ይሸሻሉ ነበር ምክንያቱ። ጉዳዩ ከመረጃ ኮሚሽነሩ ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ በ2016 መሥሪያ ቤቱ ተረታ። አንድ ስም ዝርዝር ለማስወጣት አራት ዓመት!

እኛ ዘንድ ነገሩ ፊት ለፊት የሚታየው ጥበቃና ጽዳት ላይ ነው። ባንኩም፣ ትልልቁ መሥሪያ ቤትም ዛሬ ጥበቃ የሚያመጣው በኤጀንሲ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ባንክ በር ላይ የሚሠሩ ሰላምተኛዬ የሆኑ ሰው አሉ።

«ጋሼ፣ ባንኩ በእርስዎ ስም ለኤጀንሲው ስንት ነው የሚከፍለው?»

«እሱን እኔ በምን አውቄው ልጄ!»

«ውል ፈርመው የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው ያለ።»

ይህን እያሉኝ የአንዱን ደንበኛ ቦርሳ ከፍተው ያያሉ።

ሰውየው በላባቸው ስንት ብር እንደሚሰበሰብ አያውቁም። እጃቸው የሚደርሰውን ብቻ ነው የሚያውቁት። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኤጀንሲ ቅጥር ላይ ሲያማርር ዓመታት ሆነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ወለሉ እስካሁን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወለል በሌለበት ቤት ጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው ላይ ብዙ የሚቀንሰው ነው። አደራ፣ ኤጀንሲ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። በአግባቡ የሚከፍለው ኤጀንሲ ነው መጀመሪያ ከገበያ የሚወጣው። ውል ቢገለጥ የሚጠቀመው እሱ ነው።

የሪፖርታችን ነገርም አለ። «ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሳይባል የሚያልቅ ሩብ ዓመት አይቼ አላውቅም። ቋሚ ይህን ያህል፣ ጊዜያዊ ይህን ያህል። በኮሪደር ልማቱ ሦስት ሳምንት ድንጋይ የተሸከመ ልጅ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሥራው ሲያልቅ ካቦው ያሰናብተዋል። ወር ቆይቶ አዘዞ ሌላ ተቋራጭ ዘንድ ቢገባስ? እንደገና ሌላ አንድ ይሆን? ቁጥሩን የሚያመጣው ራሱ ቀጣሪው ከሆነ በምን እናውቃለን? የእንግሊዙ ውል ቢያንስ አንድ ደግ ነገር ነበረው። ሰው ሥራ ገባ ሲባል ሳይሆን ሥራው ላይ ቆየ ሲባል ነበር የሚቆጥረው። ኮሚቴው 3.6 በመቶ ብሎ መናገር የቻለው ለዚህ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ ያው ፕሮግራም ጭብጨባ ያገኝ ነበር።

«ጸጥታው ሳይረጋ፣ ቱሪስት ከከተማው ጠፍቶ፣ የምን የውል ምርመራ ነው?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እኔ ደግሞ ገንዘብ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ባይ ነኝ። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ባለ ባጃጁ ሥራ ሲፈታ ለሥራ አጥ የሚመደበው ብር ይበዛል። የሚጠይቀው ሰው ግን ያንሳል።

ሌላው ሰበብ የንግድ ሚስጥር ነው። አንድ ድርጅት እንዴት እንደሚያሠለጥን ሚስጥሩ ይሁንለት። በአንድ ልጅ ስንት እንደሚከፈለው ግን የእሱ ሚስጥር አይደለም። ዋጋው ሚስጥር ከሆነ ጨረታው ምን ነበር? ይሸሻሉ ለሚለውም መልስ አለኝ። ልጅ እንደሚያለማምድ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ድርጅት የማንንም ልጅ ባያለማምድ ይሻላል።

ሕጉ እጃችን ላይ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ድርጅቱን ደጅ መጥናት አያስፈልግም፤ የውሉ አንድ ቅጂ ፈራሚው መሥሪያ ቤት ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። በስድስቱም ክፍለ ከተሞች የድርጅቱ ስም፣ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው፣ የተቀበለው ሰው ብዛትና ቅሬታ የሚቀርብበት ስልክ አንድ ገጽ ላይ ወጥቶ ይለጠፍ። የሠልጣኞቹ ስም አይለጠፍ፤ እነሱ ከበቂ በላይ ታይተዋል።

የከተማው ምክር ቤት አባላትም የሚቀጥለው ሪፖርት ሲቀርብላቸው አንድ ነገር ይጠይቁ። ባለፈው ዓመት ሥራ ያዙ ከተባሉት ውስጥ ዛሬም ሥራ ላይ ያሉት ስንት ናቸው? መልሱን ከድርጅቱ አይቀበሉ። የሥራና ሥልጠና መምሪያው ባለሙያ ከዝርዝሩ ላይ ሃምሳ ስም በዕጣ አውጥቶ ይደውል። የልጆቹ ስልክ ቁጥር የተመዘገቡበት ፎርም ላይ አለ። ለዚህ አማካሪ መቅጠርም ሆነ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ የካርዱም ብር ከአንድ ስብሰባ የሻይ ቡና ወጪ ያነሰ ነው።