ጋሼ፣ እባክዎ ንግሥትዎን ያንሱልኝ

የዛሬው ብሶቴ ስለ ውሃ አይደለም። ስለ መብራትም አይደለም። ስለ ቼዝ ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ታክሲ ተጋፍቼ፣ አቧራዬን አራግፌ ሳልጨርስ ጋሼ ከብሎካችን ሥር ሰሌዳውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። አንዱ ጥቁር ካስል ስለጠፋ የሃይላንድ ክዳን ተክቶታል። እኔ ቼዝ የለመድኩት አምና ከስልኬ ነው፤ እሳቸው ከመወለዴ በፊት ጀምረዋል። ከመስቀል ወዲህ አንዴም አላሸነፍኳቸውም። አንዴ አቻ ወጣሁ ብዬ ስፎክር ነበር፤ ለካ እራት ቀርቦ ቸኩለው ነው።

መሸነፉ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ገና በ8ኛው እርምጃ ንግሥቴ ትበላለች፤ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አቀርቅሬ ነው የምጨርሰው። ዙሪያችን የቆመውማ አይነሳ። "ፈረሱን አውጣ እንጂ!" "ኧረ ተወው፣ አልቆለታል።" የግቢው ዘበኛ ሳይቀር አማካሪዬ ሆኗል። የሚያናድደው ደግሞ ልክ ነው።

በቼዝ ተጫዋቾች የደረጃ አሰጣጥ፣ በደረጃ 400 ነጥብ የሚበልጥህ ሰው ከ100 ጨዋታ 91 ነጥብ ያህል (ማሸነፍ አንድ፣ አቻ ግማሽ ተቆጥሮ) እንደሚወስድብህ ይጠበቃል። በእኔና በጋሼ መካከል ያለው ከዚያም ሳይብስ አይቀርም። ታዲያ በየምሽቱ ተቀምጠን ምን እያረጋገጥን ነው?

ባለፈው ሳምንት ወኔዬን ሰብስቤ "ጋሼ፣ ንግሥትዎን አንስተው ቢጫወቱስ?" አልኳቸው። የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። "እኔ ምጽዋት አልሰጥም፤ አንተም አትለምን!"

ጎበዝ፣ ይሄ ምን ምጽዋት አለው? ጆተኒ ላይ "3 ጎል ልስጥህ" ሲባል ማን ተቀይሞ ያውቃል? በዘመኑ የቼዝ ቁንጮ የነበረው አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ እንኳ በ1859 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አንድ ወታደሬን አንስቼ፣ የመጀመሪያውንም እርምጃ ለባላጋራዬ ሰጥቼ ካልሆነ ግጥሚያ አልገጥምም ብሎ ነበር። ያ ንቀት ሳይሆን ጨዋታ እንዲኖር ነው። በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ደግሞ "ወረራ" የሚባል ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። እሱ ዛሬም ቢኖር ኖሮ ለእኔ ይመቸኝ ነበር። ቢያንስ እጄ ይፈጥናል።

በኋላ ባለቤታቸው ከመስኮት "ኧረ ልጁን አታንገላታው!" ሲሏቸው ንግሥቲቱን አነሱ። ልንገራችሁ? ተሸነፍኩ። ያለ ንግሥት! ዘበኛው ግድግዳ ተደግፎ ሲስቅ ቆየ፤ እኔ ሁለት ቀን በጓሮ በር ነው የገባሁት። ያኔ ነው የጋሼ "ምጽዋት" ትንሽ የገባችኝ። ጠጠር ስትቀንስ ሰሌዳው ራሱ ሌላ ይሆናል፤ ብታሸንፍም አፍህን ሞልተህ አታወራውም።

ሰዓት ግን ሌላ ነው። ትናንት በስልኬ የቼዝ ሰዓት ላይ ለእሳቸው 3 ደቂቃ የማሰቢያ ጊዜ፣ ለእኔ 15 ሞላሁ። ሰሌዳው ሙሉ፣ ጠጠሩ እኩል። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያቸውን አወለቁ! ላብ አየሁ! ተመልካቹ ጭጭ አለ። በአንድ ፈረስ እየመራሁ፣ ለእሳቸው 40 ሰከንድ ሲቀራቸው ስልኬ ድርግም አለ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረማ።

ጋሼ ጠጠሩን በእርጋታ ሰብስበው "አቻ ነው" አሉ።

የተሞላ ፓወር ባንክ ያለው ጎረቤት ካለ እስከ ነገ ማታ 12 ሰዓት ያውሰኝ። ኬብሉ አለኝ።