ከበር ማንኳኳቱ ይልቅ አብሮ ማደሩ

ነጭ ሸሚዝና ክራባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ፣ ከጎን ብስክሌት፣ ከዚያም ፊት ላይ የሚዘጋ በር። የሞርሞን ሚስዮናዊ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ይህ ነው። የሚያዝንላቸውም የሚሰለቻቸውም ነገሩን የሚመዝነው በዚያ በር ነው። ሚዛኑ የተሳሳተ ይመስለኛል። በር ሲዘጋ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀጣዩ በር አለ። ወጣቱን የሚሠራውም የሚሰብረውም ማታ የሚመለስበት ቤት ነው፦ ካልመረጠው ሰው ጋር፣ ባልለመደው አገር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቀንም ሌሊትም አብሮ መኖር።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤተክርስቲያኒቱ ራሷን የምትጠራው “የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን” ብላ ነው፤ “ሞርሞን” ሌላው ሰው ያወጣላት ስም ነው። ወንዶች ለ24 ወር፣ ሴቶች ለ18 ወር ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመነሻ ዕድሜው ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ሲወርድ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚወጣው ልጅ በዛ። አገሩን እነሱ አይመርጡም፤ የቤተክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ፣ አሜሪካ የሚላክላቸው ጥሪ ይነግራቸዋል። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ የቆሎ ተማሪውን ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ በለጋ ዕድሜ ከእናት ቤት ወጥቶ በማያውቁት አገር በሰው ደጅ መቆም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ግን የሚወጣው ሊማር ነው፣ እነዚህ ሊያስተምሩ ይወጣሉ። ቁራሽም አይለምኑም።

ጃፓንን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሚስዮናውያን በሂበር ጄ. ግራንት መሪነት ዮኮሃማ የደረሱት በነሐሴ 1901 ነው። ከመካከላቸው ወጣቱ አልማ ቴይለር ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ የቤተክርስቲያኒቱን ቅዱስ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ሞርሞንን፣ ወደ ጃፓንኛ መለሰ፤ ትርጉሙም በ1909 ታተመ። እንዲያም ሆኖ ሚስዮኑ በ1924 ሲዘጋ፣ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የተጠመቁት ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር። እንደገና የተከፈተው ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ነው። ይህን የማነሳው ዛሬ ጃፓን የሚመደብ ልጅ ራሱን በተጠማቂ ቁጥር መለካት እንደሌለበት ለማሳየት ነው። ያንን መለኪያ ይዞ የሄደ በሦስተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል፤ ቀጥሎም ጥፋቱን አጠገቡ ባለው ልጅ ላይ ይፈልጋል።

ቀኑ የተቆረጠ ነው። ከንጋቱ 12፡30 መነሣት፣ ግማሽ ሰዓት የሰውነት እንቅስቃሴ፣ መታጠብና ቁርስ፤ ከ2፡00 ገደማ ጀምሮ ለየብቻም አብሮም የሚደረግ ጥናት፣ ለውጭ ቋንቋ ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ የቋንቋ ጊዜ። ረፋዱ ላይ ይወጣሉ፣ ከምሽቱ 3፡00 ገደማ ይገባሉ፣ 4፡30 ላይ መብራት ይጠፋል። ከ2017 ወዲህ የሚስዮኑ መሪ ሰዓቱን ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲያስማማ ተፈቅዷል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ የጃፓን ሠራተኛ ቤቱ የሚገኘው ማታ ነውና።

ቋንቋውን በአሜሪካ ፕሮቮ ባለው ማሠልጠኛ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ይማራሉ። አማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛን ቢማር አንድ ነገር ይቀልለዋል፤ ግሱ እንደኛው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አንቱታም አለው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱም አዲስ ናቸው። ወጣቱ ማሠልጠኛ ውስጥ የሚለምደው የአክብሮቱን አነጋገር ስለሆነ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚያወሩትን ተማሪዎች መስማት ያቅተዋል። በር ላይ ደግሞ “ኬኮ ዴስ” ይሉታል። ቃሉ ሲፈታ “መልካም ነው” ማለት ነው፤ ልጁም ይግቡ ያሉት መስሎት ፈገግ ብሎ ይቆማል። እነሱ “ይቅርብኝ፣ አልፈልግም” ማለታቸው ነው።

የቋንቋው ትልቁ እንቅፋት ግን ከሰዋስው አይመጣም። ሚስዮናውያን የሚኖሩትም የሚሠሩትም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ አዲስ መጪ ሁልጊዜ ከቆየ ባልደረባ ጋር ይመደባል። የቆየው ይናገራል፣ አዲሱ አንገቱን ይነቀንቃል። በር ይከፈታል፣ የቆየው ይናገራል፤ ስልክ ይደወላል፣ የቆየው ያነሣል። እንዲህ ስድስት ሳምንት አልፎ አዲሱ አሁንም ስሙንና ሰላምታውን ብቻ ነው የሚችለው። ክፋት የለበትም፤ የቆየው ሰውዬውን ማሰልቸት ፈርቶ ነው። መፍትሔው ደረጃውን ከመውጣታቸው በፊት መከፋፈል ነው፦ ሰላምታውንና የመጀመሪያውን ጥያቄ አዲሱ፣ ማብራሪያውን የቆየው፣ መዝጊያ ጸሎቱን አዲሱ። አዲሱ ሲደናቀፍ የቆየው በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር፤ ከዚያ በፊት ቃል አያቀብል። ይህን የሚያደርጉ ጥንዶች በሁለተኛው ወር ልዩነታቸው ይታያል።

ቤቱ ውስጥ ጥቃቅኑ ነገር ነው የሚገድለው። ሣር ምንጣፍ ላይ የሚነጠፈው የጃፓን ፍራሽ በየጠዋቱ ካልተነሣ የሰውነት ወበቅ ከሥሩ ታፍኖ ሻጋታ ያበቅላል፤ በሣምንት ውስጥ ጠረኑ ይወጣል። በክረምት የጋዝ ምድጃ ሲለኮስ በየሰዓቱ መስኮት ከፈት ማድረግ ግድ ነው፤ ጭሱ ባይታይም መርዝ ነው። ቆሻሻ የሚቃጠለው ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ ተለይቶ በየቀኑ በተመደበለት ጠዋት ይወጣል። በአንድ ቤት በዓመት ብዙ ሚስዮናዊ ስለሚፈራረቅ ማንኛው ቀን የምን እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ሲዛወር እውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ጎረቤትም የሚማረረው ያን ጊዜ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይህን ሁሉ ያስቀራል። የመኖሪያ ካርድ ከኪስ አይለይም። አድራሻ የቀየረም በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ አለበት።

ጫማ ሁለት ጥንድ ይሁንና ይፈራረቅ፤ በዝናብ የራሰ ጫማ ሳይደርቅ በማግሥቱ ከተደረገ ስፌቱ ይበሰብሳል። ካልሲው ቀዳዳ እንዳይኖረው፤ ጃፓን ቤት የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። ብስክሌቱ ጎማ ላይ በየሰኞው ነፋስ መሙላት ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የላላ ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ በቸርኬው ብረትና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ይበሳል፤ ቀጠሮውም ይቀራል።

የምግቡ ፈተና ሻይ ነው። በ1833 ከተሰጠው የጤና ሕግ የተነሣ አባላቱ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይቀምሱም። ቤተክርስቲያኒቱ በ2019 አረንጓዴ ሻይም ከዚሁ እንደሚቆጠር በግልጽ አሳውቃለች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እንግዳ የሚቀበሉት በአረንጓዴ ሻይ ነው። ደግነቱ ከተቆላ ገብስ የሚፈላው “ሙጊቻ” ስሙ ሻይ ይሁን እንጂ የሻይ ቅጠል የለበትም፤ እሱን መጠየቅ ባለቤቲቱን አያሳፍራትም። ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ሚስዮን በ2020 ተቋቁሟል፤ አዲስ አበባ የሚመደብ ሚስዮናዊ ደግሞ የሚቀርብለት የጀበና ቡና ነው። ስኒው ከቀረበ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ቡናው ምጣድ ላይ ሳይወጣ በፊት በትሕትና መናገርና ፈንዲሻውንና ቆሎውን አብሮ መቃም ግን ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። ድሮ ልጁ ጃፓን የደረሰው ቤተሰብ ርካሽ አገር ከደረሰው ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። ከ1991 ወዲህ ክፍያው እኩል ሆኗል፤ ከሐምሌ 2020 ጀምሮም የአሜሪካ ሚስዮናዊ በወር 500 ዶላር ያዋጣል፣ በ24 ወር 12 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ሚስዮኑ ደግሞ ለምግብና ለመጓጓዣ ወርሃዊ ድጎማ ይሰጠዋል። ብዙዎች ይህን ለአራት ሳምንት ይከፋፍሉታል። ገበያ የሚወጡት የሳምንቱ የግል ሥራ ቀናቸው በሆነው በዝግጅት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው፤ አምስት ሰኞ ያለው ወር ሲመጣ የመጨረሻው ሳምንት በነጭ ሩዝ ያልፋል። የራበው ሰው ደግሞ ከባልደረባው ጋር ይጣላል።

ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ሕጉ ባልደረቦች ከዓይንና ከጆሮ እንዳይራራቁ ያዛል፤ ለብቻ የሚኬድበት ቦታ መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ውሳኔ ይመጣል፤ ጥንዶቹ ሊቀጥሉም ሊለያዩም ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር ይኖራል፤ አንዱ ሳህን የማያጥብ፣ አንዱ ንጋት ላይ የሚዘምር፣ ሌላው ሳምንት ሙሉ የሚያኮርፍ። ባል ከሚስቱ ጋር ቢጣላ ወጣ ብሎ ይመለሳል። እነዚህ ተጣልተውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ማጥናት፣ ጎን ለጎን ብስክሌት መንዳት፣ ከዚያም ሰው ቤት ገብተው ስለ ፍቅር ማስተማር አለባቸው። እንግዳ ተቀባዩ ቋንቋቸው ባይገባው እንኳ ኩርፊያቸው ይገባዋል።

ለዚህ የተሠራ ዘዴ አለ። በሳምንቱ ዕቅድ መጨረሻ ሁለቱ ስለ ግንኙነታቸው በግልጽ ይነጋገራሉ። ግን በአብዛኛው በአምስት ደቂቃ “ሁሉም ደህና ነው” ተብሎ ይዘጋል፤ ምክንያቱም የሚነጋገሩት ደክሟቸው ነው፤ ቅሬታውን የተናገረ ደግሞ ከዚያው ሰው ጋር ሊያድር ነው። ለሚስዮኑ ፕሬዚዳንት በየሳምንቱ የሚጻፈው ደብዳቤም ቢሆን ባልደረባው አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚጻፈው። ከሁሉ የሚሻለው ለአንድ ቀን ባልደረባ መለዋወጡ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ከሌላ ሰው ጋር የዋለ ልጅ ያስጨነቀውን ነገር ሳይጠየቅ ያወጣዋል። መሪዎች ይህን እንደ ቁጥጥር ሳይሆን እንደ መተንፈሻ ቢይዙት ብዙ ጠብ ሳይበስል ይቀራል።

እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ወደ ቤት መደወል የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በእናቶች ቀን ነበር። ከየካቲት 15 ቀን 2019 ጀምሮ በየሳምንቱ በዝግጅት ቀን መደወል ተፈቀደ። ይህ ልጆቹን አለሰለሰ የሚሉ የቀድሞ ሚስዮናውያን አሉ። አልስማማም። እናቱ በየሳምንቱ ፊቱን የምታየው ልጅ ሲከሳና ዓይኑ ሲደፈርስ አንድ የሚያስተውል ሰው አለው ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከባልደረባውም ከመሪውም ውጭ ነው። ሰዓቱም ምቹ ነው፤ ቶኪዮ ሰኞ ጠዋት 3፡00 ሲሆን ዩታ እሑድ ማምሻው ነው። ወላጆች ልጁ ሊረዳ የማይችለውን የቤት ችግር አይዘርዝሩለት፤ “ስንት ሰው አጠመቅህ?” ብለውም አይጠይቁት። “ከባልደረባህ ጋር እንዴት ናችሁ? ምን በላህ?” ይበቃል።

ከጊዜው በፊት የሚመለሱትም ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃቸው የቆዩ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ። በጭንቀት ታመው በስድስተኛው ወር ሲመለሱ፣ በተለይ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት የዩታ ጉባኤ ውስጥ፣ እንደ ከዳተኛ የሚታዩበት ጊዜ አለ። አሁን ከቤት ሳይርቁ በበጎ አገልግሎት የሚፈጸም ሚስዮን ስላለ ቀሪውን ጊዜ በዚያ መጨረስ ይችላሉ፤ ይህን በሐፍረት ሳይሆን በግልጽ የሚነግራቸው ጳጳስ (በእነሱ ዘንድ የአጥቢያው ጉባኤ መሪ) ያስፈልጋቸዋል።

ከፕሮቮው ዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓታት አብሮ መኖርን ለመማር ቢውሉ ቋንቋው አይጎዳም። ሁለት የማይተዋወቁ ልጆች በመጀመሪያዋ ማታ፣ ሻንጣ ሳይፈታ፣ ተቀምጠው ይስማሙ፦ ጠዋት ማን ቀድሞ ይታጠባል፤ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል፤ አንዱ ሲናደድ ዝም እንዲባል ይፈልጋል ወይስ እንዲጠየቅ፤ ዝምታው ከአንድ ቀን ካለፈ ለማን ይነገራል። መልሱን ከቆሻሻው መርሐ ግብር አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጥፉት።