የኤችቲቲፒ ቨርዥን ምርጫው ለኛም ይድረሰን

ዌብሳይት ስንከፍት በየትኛው የኤችቲቲፒ (ገጹ የሚላክበት የመነጋገሪያ ደንብ) ቨርዥን እንደሚነጋገሩ ብሮውዘሩና ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) እዛው ተስማምተው ይጨርሱታል፣ እኛን የሚጠይቀን የለም። ይሄ በራሱ ጥሩ ነው፣ ገጽ በከፈትን ቁጥር 1.1 ነው 2 ነው 3 እየተባልን መጨቅጨቅ ማንም አይፈልግም። ሲበላሽስ ነው ጥያቄዬ።

1.1 እና 2 በቲሲፒ (ዳታው በቅደም ተከተል መድረሱን በሚያረጋግጠው ማጓጓዣ) ነው የሚሄዱት፣ በ2022 ስታንዳርድ የሆነው 3 ግን ክዊክ በሚባለው አድርጎ በዩዲፒ (ያን ማረጋገጫ በሌለው ቀለል ያለ ማጓጓዣ) ነው። ጥቅሙን አልክድም፣ በተለይ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) በሚጠፋበት ደካማ ኮኔክሽን ላይ፣ በ2 አንድ ፓኬት ከጠፋ የቀረው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ በ3 ግን የጠፋበት ስትሪም (ለምሳሌ የአንድ ፋይል ፍሰት) ብቻ ነው የሚጠብቀው። ግን ዩዲፒን የሚዘጉ ወይ የሚያንቁ ኔትወርኮች አሉ። ጭራሽ ከተዘጋ ብሮውዘሩ ራሱ ወደ 2 ይመለሳል፣ መከራው ግማሽ በግማሽ ሲያልፍ ነው፣ ይጀምርና መሀል ላይ ይንጠለጠላል፣ ቪዲዮው ይዞራል ይዞራል፣ ሰውየው ዋይፋዩን እያጠፋ ያበራል ምክንያቱም ሌላ የሚነካው ነገር አልተሰጠውም።

የ3 ማጥፊያው የለም እያልኩ አይደለም፣ ተደብቋል ነው የምለው። ፋየርፎክስ ላይ አድሬስ ባሩ ላይ about:config ብለህ ገብተህ ኤችቲቲፒ3 ብለህ ትፈልግና ኢነብል ብሎ የሚያልቀውን ፎልስ ታደርገዋለህ፣ ክሮም ላይ ደግሞ ፍላግስ (የሙከራ ሴቲንጎቹ ገጽ፣ chrome://flags) ውስጥ ክዊክን ዲሴብል ማድረግ ነው። (በየትኛው እየመጣ እንደሆነ ለማየት ዴቭቱልስ፣ ማለትም የብሮውዘሩን የዴቨሎፐር መሳሪያ፣ ከፍታችሁ ኔትወርክ ታብ ላይ የኮለሞቹን ርዕስ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮቶኮል የሚለውን ጨምሩ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል ኤች2 ወይ ኤች3 ብሎ ያሳያችኋል።)

ሁለቱም ግን ለሁሉም ሳይት ነው የሚያጠፉት። አንዱ ስላስቸገረህ በደንብ የሚሰሩትንም አብረህ ትቀጣለህ፣ ከዛ መልሰህ ማብራቱን ትረሳዋለህ። ከርል (በትዕዛዝ ጽሑፍ ከሰርቨር ዳታ የሚያመጣ ፕሮግራም) ላይ እኮ ይቺን ሪኩዌስት በ1.1 ላክ ካልከው ይልካል፣ ብሮውዘር ውስጥ ግን ኮድ የሚጽፈው ሰው እንኳን ፌች (ኮዱ ከሰርቨር ዳታ የሚጠይቅበት ትዕዛዝ) ላይ ቨርዥን የሚመርጥበት ኦፕሽን የለውም።

ተጠቃሚው ነካክቶ ያበላሸዋል የሚሉ አሉ፣ ምኑን ነው የሚያበላሸው? ወደ 2 ቢወርድ ኢንክሪፕሽኑ እንዳለ ነው፣ ገጹም ያው ገጽ ነው። ካሜራና ማይክ ለየሳይቱ የምንፈቅድበት ቦታ አድሬስ ባሩ ላይ አለ አይደል፣ እዛው ላይ "ለዚህ ሳይት ኤችቲቲፒ 3 አትጠቀም" የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን፣ ሌላ ምንም አልጠየቅንም።