ማስተካከያ፦ ኦልኮት በሲሎን የሠራውና ያልሠራው

ስለ አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት ቀደም ብሎ የወጣው ጽሑፍ፣ ሰውየው በ1880 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሄዶ እንደመነኮሰ፣ ቡዲዝምን ከሞት እንዳስነሣና የቡድሂስቶችን ሰንደቅ እንደነደፈ ይገልጻል። ሦስቱም መታረም አለባቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦልኮት አልመነኮሰም። ሜይ 25 ቀን 1880 በጋል ከተማ ቲዎሶፊ የተባለውን መንፈሳዊ ማኅበር አብራው ከመሠረተችው ከማዳም ብላቫትስኪ ጋር የተቀበለው አምስቱን የምእመናን መመሪያዎች ነው፦ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለማመንዘር፣ አለመዋሸት፣ አለመስከር። ይህ ባለትዳሩም ገበሬውም የሚገባው ቃል ነው።

መነቃቃቱም ቀድሞት ጀምሯል። መነኩሴው ሚጌቱዋቴ ጉናናንዳ በሲሎኗ ፓናዱራ ከተማ ከክርስቲያን ሰባኪዎች ጋር በአደባባይ የተከራከሩት በ1873 ነው፤ ኦልኮትን የሳበውም የዚያ ክርክር ወሬ ነበር። የእሱ ድርሻ ማደራጀት ነው፦ ማኅበር ማቋቋም፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ትምህርት ቤት ማስከፈት፣ በ1881 ደግሞ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ መማሪያ ማሳተም። ስልቱ ከሚሲዮናውያኑ የተቀዳ መሆኑ ግልጽ ነው። ይዘቱን ግን ሊቁ መነኩሴ ሂካዱዌ ሱማንጋላ መርምረው አጽድቀውታል።

ሰንደቁን የነደፈው የኮሎምቦ ኮሚቴ ነው፤ በ1885 በቬሳክ፣ ማለትም በቡድሃ ልደት መታሰቢያ በዓል፣ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ረጅምና ቀጭን ስለነበር ለሰልፍ አልተመቸም፤ ኦልኮት መጠኑ እንደ አገር ባንዲራ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሰንደቁ ስድስት ቁመታዊ መስመሮች አሉት፤ ስድስተኛውን በአንድ ቀለም መሣልም ስህተት ነው፤ አምስቱ ቀለሞች (ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ) አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው የሚታዩበት ነው።